ከአልጋ ሥር ያለው መጋረጃ

የአንባቢ ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

በዓምድዎ ለሌሎች የሚሰጡትን ምክር ስከታተል ኖሬ ዛሬ ለራሴ ጉዳይ ብዕር አነሳሁ። ዕድሜዬ 41 ነው፤ በመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። በ2005 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ምዝገባ ሲካሄድ፣ ገና ሳላገባ፣ የ20/80 (20 በመቶው ተቆጥቦ ቀሪው 80 በመቶ በባንክ ብድር የሚከፈል) ባለ ሁለት መኝታ ቤት ተመዘገብኩ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ለራሴ ጫማ ሳልገዛ ያለፍኩት ዓመት አለ፤ ሳልቆጥብ ያለፍኩት ወር ግን የለም። ደብተሬ ላይ ከነወለዱ 70 ሺህ ብር ገደማ አለ። ባለቤቴም ከመጋባታችን በፊት በ40/60 ተመዝግቦ ነበር፤ በ2010 ዓ.ም. ሥራው ሲቆም ቁጠባውን አቋረጠ።

ዕጣ በወጣ ቁጥር ስሜን ፈልጌ አጥቻለሁ። አሁን ባለቤቴ ‹ይህ ነገር አይሆንም፤ ገንዘባችንን አውጥተን ባጃጅ መግዣ እናድርገው› ይላል። በዚህ መሀል የአጎቱ ልጅ አንድ ሰው አገናኘን። ሰውየው ‹ውስጥ ሰው አለኝ፤ 150 ሺህ ብር ስጡኝና በሚቀጥለው ዕጣ ስሟ እንዲወጣ አደርጋለሁ፤ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ስሟ ሲወጣ› አለን። እስከ ቅዳሜ መልስ ይፈልጋል። የባለቤቴ ልብ ወደዚያው አዘንብሏል። እኔ ፈራሁ።

የምንኖረው ከሁለት ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ነው። አከራያችን ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 3 ሺህ ብር ጨምሩ፣ የስድስት ወሩንም ቅድሚያ ክፈሉ፣ አለዚያ ልቀቁ ብለውናል። በ2006 ዓ.ም. ለአዲሱ ቤቴ ብዬ የገዛሁት የመጋረጃ ጨርቅ እስከ ዛሬ ከአልጋ ሥር በፌስታል ተጠቅልሎ አለ። ምን ይመክሩኛል?

መምህርቷ፣ ከጉርድ ሾላ»

መልስ

ውድ እህቴ፣

ለዚያ ሰው አንዲት ሳንቲም እንዳትሰጪ። ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናየዋለን፤ ይህ ግን ቅዳሜ ሳይደርስ መቆረጥ ያለበት ነገር ነው።

ሰውየው ዋሾ ከሆነ ብራችሁ ተበላ፤ ይህንን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የፈራሽውም ለዚህ ነው። ብዙ ሰው የማያስበው ሌላኛውን ነው። ሰውየው እውነቱን ከሆነስ? በእርግጥም ውስጥ ሰው ካለውስ? ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የወጣውን ዕጣ አስታውሺ። የ20/80 14ኛው ዙርና የ40/60 3ኛው ዙር በአንድ ላይ የወጡበት፣ ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች የቀረቡበት ዕጣ ነበር። ባለዕድለኞች እልል ብለው፣ ዘመድ ተጠራርቶ፣ ቡና ተፈልቶ ካበቃ በኋላ በዕጣው ውስጥ መካተት የማይገባቸው ሰዎች መረጃ ወደ ኮምፒውተሩ ገብቶ እንደነበር ተደረሰበት። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ዕጣውን ከነጭራሹ ሰረዘው። ኃላፊዎችና የኮምፒውተር ባለሙያዎች በቁጥጥር ሥር ዋሉ። ዕጣው በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደ አዲስ ወጣ።

ስለዚህ ያ ሰው የሚሸጥላችሁ ነገር፣ በለስ ቢቀናው እንኳ፣ ዕጣ የሚያሰርዝ ነገር ነው። ያኔ በሐቅ ዕድሉ ደርሶት የነበረው ሰው ጭምር በሌላው ማጭበርበር የተነሣ ደስታውን ተቀማ። ከዚያ በላይ ደግሞ ጉቦ መስጠትም እንደ መቀበሉ ወንጀል ነው። ነገሩ የተደረሰበት ቀን አንቺ ቤት ያጣች ቆጣቢ ብቻ አትሆኚም፤ ተከሳሽ ትሆኛለሽ። መምህርት ነሽ፤ ደመወዝሽም ስምሽም በዚያ ሥራ ላይ የቆመ ነው። አሥራ ምናምን ዓመት ወር ሳታጎድዪ የቆጠብሽ ሰው ይህንን ሁሉ በአንድ ቅዳሜ አሳልፈሽ እንድትሰጪ አልፈልግም።

ባለቤትሽ «ግማሹን ሲወጣ ነው የምንሰጠው፤ ምን እንከስራለን?» ሊልሽ ይችላል። አነጋገሩ ልብ ያሳምናል። ነገር ግን ሰውየው ያንን ቃል ለሃያ ሰው ቢሰጥና ከሃያው አንዱ በራሱ ዕድል ቢወጣለት፣ ከሁሉም ግማሹን ወስዶ ከአንዱ ደግሞ ሙሉውን ይቀበላል። ምንም ሳይሠራ። ይህንን ስሌት ለባለቤትሽ በወረቀት ላይ ጻፊለት፤ የሒሳብ መምህርት ባትሆኚም ይገባዋል።

እኔ በዚህ ነገር ላይ ልቤ ቶሎ የሚነካበት ምክንያት አለ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. 51,229 ቤቶች ዕጣ የወጣባቸው ጊዜ፣ ታናሽ እህቴ አዲስ ልሳን ጋዜጣን ይዛ ቤቴ መጣች። ጋዜጣውን መሬት ላይ ዘርግተን በጉልበታችን ተንበርክከን፣ እሷ ከላይ እኔ ከታች፣ ጣታችንን በስሞቹ ዓምድ ላይ እያስኬድን ስንፈልግ ቆየን። የጋዜጣው ቀለም ጣታችንን አጠቆረው። ድንገት «ይኸው!» ብላ ጮኸች። ስሟ፣ የአባታችን ስም፣ የአያታችን ስም፣ ሦስቱም አሉ። አቅፌያት አለቀስኩ። ልጇ ጎረቤት ሊጠራ ሮጠ። እንባዬን ጠርጌ የምዝገባ ቁጥሩን ከወረቀቷ ጋር ሳስተያየው የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ሌላ ናቸው። ስሟ ከነአያቷ የእህቴን የመሰለ አንዲት ሴት በዚህ ከተማ አለች፤ ቤቱ የእሷ ነበር። እህቴ ጋዜጣውን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና «ቡናው ይፈላ» አለች። ያንን ድምፅ አልረሳውም።

ይህንን የምነግርሽ ሁለት ነገር እንድትይዥበት ነው። አንደኛው፣ ስምሽን ሳይሆን የምዝገባ ቁጥርሽን በቃልሽ ያዢ፤ ቤቱን የሚሰጥሽ ቁጥሩ ነው። ሌላው፣ ዕጣ በአደባባይ ይወጣል፣ ዝርዝሩም በግልጽ ይታተማል። «ወጥቶልሻል፤ አስቀድመሽ ይህን ያህል ብር በዚህ ሒሳብ አስገቢ» ብሎ ስልክ የሚደውል ሰው ሁሉ ሌባ ነው። ያ የባለቤትሽ የአጎት ልጅ ያመጣው ሰው ስልክ ቁጥርሽን ይዟል፤ እምቢ ስትሉት በሌላ ስም፣ በሌላ ድምፅ ተመልሶ እንዳይመጣ ተጠንቀቂ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። አደራ፣ በእሱ ላይ አትቆጪ። ከሚለው ውስጥ ግማሹ እውነት ነው። በ2005 ዓ.ም. የቆጠብሽው ብር ያኔ የነበረው አቅም ዛሬ የለውም፤ ገበያ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። የተመዝጋቢውና የቤቱ ቁጥርም አይመጣጠንም። በ1997 ዓ.ም. በመጀመሪያው ምዝገባ ከ450 ሺህ በላይ ሰው ነው የተመዘገበው። በ2005 ዓ.ም. ነባሮቹ እንደገና ሲመዘገቡና አዳዲሶች ሲጨመሩ ቁጥሩ ከ900 ሺህ አለፈ። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት በ2011 ዓ.ም. 51 ሺህ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 25 ሺህ ገደማ ቤት ቀረበ፤ ቅድሚያውም ለ1997 ተመዝጋቢዎች ነበር። ስምሽን ፈልገሽ ያጣሽው ዕድለ ቢስ ስለሆንሽ አይደለም። ከፊትሽ የቆመው ሰልፍ ረጅም ስለነበረ ነው። ይህንን ለራስሽ ደጋግመሽ ንገሪው፤ «እኔ ላይ ብቻ» የሚለው ስሜት ሰውን ወደ ደላላ የሚገፋ ክፉ ስሜት ነውና።

ሆኖም ባለቤትሽ ከትክክለኛ ነገር ተነሥቶ የሚደርስበት መደምደሚያ የተሳሳተ ነው። 70 ሺህ ብር ባጃጅ አይገዛም። ቀሪውን መበደር ሊኖርባችሁ ነው። ያንን ብር ከንግድ ባንክ ባወጣሽበት ቀን ግን ከፕሮግራሙ ራስሽን አገለልሽ ማለት ነው፤ ነገ ጸጽቶሽ ብሩን መልሰሽ ብታስገቢ ቦታሽ አይመለስልሽም። ደብተርሽ ላይ ያለው ውድ ነገር ብሩ አይደለም። ከ2005 ጀምሮ የያዝሽው ወረፋ ነው። ብር ሊገኝ ይችላል፤ ወረፋው ግን በማንኛውም ዋጋ አይገዛም። ስለዚህ የአንቺ ቁጠባ ካለበት አይነካ።

የእሱ የ40/60 ሒሳብ ግን ሌላ ነገር ነው። ፕሮግራሙ ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ነው የሚሰጠው። እናንተ ከመጋባታችሁ በፊት በየግላችሁ ብትመዘገቡም፣ ዛሬ ባልና ሚስት ናችሁና ሁለት ቤት አታገኙም፤ አንዱን መያዝ አለባችሁ። የአንቺ ያልተቋረጠ ነው፤ የእሱ ከ2010 ጀምሮ ቆሟል። በዕጣው ለመካተት ደግሞ የቁጠባው ተከታታይነት ይታያል። በዚያ ላይ 40/60 ማለት የቤቱን ዋጋ 40 በመቶ አስቀድሞ ቆጥቦ መገኘት ማለት ነው፤ ዛሬ ባለው የቤት ዋጋ ለእናንተ ገቢ ሸክሙ ከባድ ነው። እንግዲህ አብራችሁ ባንክ ሂዱና የእሱ ሒሳብ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ጠይቁ። ከውድድር ውጭ መሆኑ ከተረጋገጠ የሚወጣው የእሱ ገንዘብ ይሁን። ለባጃጅም ይሁን ለልጆቹ፣ እሱ ወሳኝ የሚሆንበት ገንዘብ በእጁ ይግባ። ሥራው ቆሞ ለዓመታት በሚስቱ ደመወዝ የኖረ ሰው በራሱ የሚወስንበት ነገር ሲያገኝ ልቡ ይረጋጋል። ደላላውን እንዲያምን ያደረገው ምናልባት ይኸው ይሆናል፤ ለቤቱ አንድ ነገር ይዞ መምጣት ይፈልጋል።

በማኅበር ተደራጅቶ የመገንባት መንገድም አለ፤ አንድ ሰው ሳያነሣባችሁ አይቀርም። ከተማ አስተዳደሩ ለነባር ተመዝጋቢዎች የከፈተው መንገድ ነው። ነገር ግን የግንባታውን ወጪ 70 በመቶ በዝግ ሒሳብ አስቀድሞ ማስገባትን ይጠይቃል። አቅም ላለው ጥሩ ነው። ለእናንተ ዛሬ አይሆንም፤ በዚህ ላይ ጊዜ አታጥፉ።

ዕጣ የደረሰውን ሰው ቤት «በውክልና እንግዛ» የሚላችሁም ይመጣል። የጋራ መኖሪያ ቤት የደረሰው ሰው ለአምስት ዓመት መሸጥ መለወጥ ስለማይፈቀድለት፣ ገንዘብ ተቀብሎ ውክልና ብቻ ይሰጣል። ውክልና ደግሞ ሰጪው የሞተ ዕለት ይሞታል። አንዲት ጎረቤቴ የነበረች ሴት በዚህ መንገድ ገዝታ፣ ሴራሚኩን አንጥፋ፣ የወጥ ቤቱን ቁም ሣጥን አሠርታ ከገባች በኋላ ሻጩ ሞተ። ወራሾቹ በሩን አንኳኩ። የከፈለችበት ወረቀት የነበራት ቢሆንም ፍርድ ቤት ስትመላለስ ፀጉሯ ሸበተ። ይህን ያህል ካልኩሽ ይበቃል።

አሁን አንቺ ማድረግ ያለብሽን ልንገርሽ። የምዝገባ ወረቀትሽን፣ የቁጠባ ደብተርሽን፣ የነዋሪነት መታወቂያሽን፣ የፋይዳ መታወቂያሽንና የጋብቻ የምስክር ወረቀትሽን በአንድ ፋይል አድርጊና ቁጭ ብለሽ ስምሽን ፊደል በፊደል አስተያዪው። ይህን ስልሽ አትሳቂ። በእኛ ጽሑፍ አንዱን ስም በሁለትና በሦስት መልክ መጻፍ ልማድ ነው፤ አንዱ ጸሐፊ በ«ኃ» የጻፈውን ሌላው በ«ሀ» ይጽፈዋል፤ አንዱ «ሥ» ያለውን ሌላው «ስ» ይለዋል፤ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» በአፍ አንድ ናቸው፣ በኮምፒውተር ውስጥ ግን ሁለት ሰዎች ናቸው። የአያትሽ ስም በአንዱ ወረቀት ላይ በሙሉ፣ በሌላው ላይ አጥሮ ተጽፎ ይሆናል። እንዲህ ያለው ልዩነት ዕጣው ሳይወጣ በፊት ሲታረም የአንድ ቀን ምልልስ ነው። ስምሽ ከወጣ በኋላ ሲገኝ ግን ውል በምትፈራረሚበት መስኮት ላይ «ሂጂና አረጋግጠሽ ነይ» የሚባልበት፣ ቀኑ እያለፈ ልብሽ የሚቆምበት ጉዳይ ይሆናል። ልዩነት ካገኘሽ በወረዳሽ የቤቶች ጽሕፈት ቤትና በባንኩ አሳርሚው፤ ያረሙበትንም ወረቀት ሳትቀበዪ አትውጪ።

ባንኩ ውስጥ ሳለሽ የቁጠባሽን ዝርዝር መግለጫ አሳትሚ። አንቺ «ያጎደልኩት ወር የለም» ትያለሽ፤ አምንሻለሁ። ግን ክፍያው በሒሳቡ ላይ በየወሩ መመዝገቡን በዓይንሽ ዕዪው። በአንድ ወር ሁለት ጊዜ ገብቶ በቀጣዩ ባዶ የሆነ ቦታ ካለ ዛሬውኑ ጠይቂ።

ሌላም ተስፋ የሚሰጥ ነገር አለ። በዕጣው ከሚቀርቡት ቤቶች 30 በመቶው ለሴቶች፣ 20 በመቶው ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 5 በመቶው ለአካል ጉዳተኞች ተለይቶ ይያዛል፤ ቀሪው ለሁሉም ነው። አንቺ ሴትም የመንግሥት ሠራተኛም ነሽ። ነገር ግን በ2005 ስትመዘገቢ መምህርት ነበርሽ ወይስ በኋላ ነው የተቀጠርሽው? ደብዳቤሽ ይህንን አይናገርም። የምዝገባ መረጃሽ ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ተብለሽ መያዝሽን በዚያው ቀን አጣሪ።

ዕጣው ቢወጣልሽ ምን እንደሚመጣ ደግሞ አስቀድመሽ ዕወቂው። ብዙዎች «ስሜ ይውጣ እንጂ» ብለው ይቆያሉ፤ ሲወጣ ደንግጠው ሲሯሯጡ አይቻለሁ። የቤቱ ዋጋ በ2005 ከተገመተው በላይ ከፍ ብሏል፤ ስለዚህ የቆጠብሽው ብር 20 በመቶውን ላይሞላ ይችላል፤ የጎደለውን ትሞያለሽ። ቀሪው 80 በመቶ የባንክ ብድር ነው፤ በየወሩ ለዓመታት ይከፈላል። ቤቱን የምትረከቢው ውስጡ ሳይጠናቀቅ ነው፤ ወለሉን፣ ቀለሙን፣ የወጥ ቤቱንና የመታጠቢያ ቤቱን ዕቃ ራስሽ ታሟያለሽ። ቦታውም አሁን ካለሽበት ሊርቅ ይችላል። ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቂሊንጦ፣ ቱሉ ዲምቱ የደረሳቸው ሰዎች ጠዋት ሲነጋጋ ነው ታክሲ ለመያዝ የሚሰለፉት። ሕንፃዎቹም አብዛኞቹ ምድርና አራት ፎቅ ሆነው ሊፍት የሌላቸው ናቸው፤ እናትሽን ወይም አማትሽን ይዘሽ የምትኖሪ ከሆነ ይህንንም አስቢ። እንዲህ ስልሽ ተስፋሽን ለማጨለም አይደለም። ከደመወዝሽ ላይ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ ከዕጣው ደብተር ሌላ በተለየ ሒሳብ የምትጥዪው ገንዘብ እንዲኖር ነው። ቤቱ ከወጣ ለማሟያ ይሆናል፤ ካልወጣም የልጆችሽ ነው።

ስለ አከራያችሁ የጻፍሽውን ሳነብ ግን ከዕጣው ይልቅ ይህ ይበልጥ አስጨነቀኝ፤ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ አንቺም እኔም አናውቅም፤ ኪራዩ ግን በሚቀጥለው ወር ይመጣል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የወጣው ለእንዳንቺ ዓይነቱ ሰው ነው። በአዋጁ መሠረት የኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ጭማሪ ቢኖር እንኳ ተቆጣጣሪው አካል በዓመት አንድ ጊዜ በሚያሳውቀው ጣሪያ ልክ እንጂ አከራዩ በፈለጉት ቀን በፈለጉት መጠን አይደለም። እንግዲህ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ ማለታቸው ከሕግ ውጭ ነው።

ይህን ስታውቂ ሕጉን ይዘሽ በአከራይሽ ፊት ላይ እንዳትወረውሪው። አንድ ግቢ ውስጥ ናችሁ፤ ልጆቻችሁ አብረው ይጫወቱ ይሆናል፤ ውሃም የምትቀዱት ከአንድ ቧንቧ ነው። ባለቤትሽን ይዘሽ በእሑድ ቀን ቤታቸው ግቡ። «አባባ፣ እስከ ዛሬ በሰላም ኖረናል። አሁንም በሕጉ መሠረት ውል እንዋዋልና እናስመዝግብ፤ ኪራዩንም በባንክ እናስገባ፤ ለእርስዎም ለእኛም ማስረጃ ይሆናል» በሉ። ብዙ አከራዮች የሚፈሩት ግብሩን ነው እንጂ ተከራዩን አይጠሉም፤ በጨዋ ቋንቋ ሲነገራቸው ይለዝባሉ። እምቢ ካሉ ግን በዝምታ አትውጡ፤ ለወረዳው የቤቶች ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቱ፤ የማመልከቻችሁን ቅጂ በማኅተም አስመልሱ። ሕጉ የአንቺም ነው። ለመብትሽ ስትቆሚ ውለታ እየለመንሽ እንዳልሆነ ልብሽ ይወቀው።

እንግዲህ ወደ መጋረጃው ልመለስ። ደብዳቤሽን ሁለተኛ ጊዜ ሳነብ ዓይኔ እዚያ መስመር ላይ ቆሞ ቀረ። በ2006 ዓ.ም. የተገዛ ጨርቅ ነው። ልጆችሽ ከዚያ ወዲህ ተወለዱ፤ ተማሪ ሆኑ። ያ ጨርቅ ግን አንድ ቀን እንኳ ብርሃን አላየም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ከጨርቁ ሌላ ስንት ነገር ነው «ቤቴ ሲደርሰኝ» ተብሎ የተጠቀለለው? በደብዳቤሽ ውስጥ የማይታይ ግን የሚሰማ ነገር አለ። ጥሩ ትሪ ገዝተሽ አታውጪውም። እንግዳ አትጠሪም። ለልጆቹ የማጥኛ ጠረጴዛ «ቦታ የለንም» ብለሽ አላሠራሽላቸውም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል። ብዙ ቆጣቢዎች ግን እንዲህ ሲኖሩ አይቻለሁ፤ እህቴም አንዷ ናት። የሚኖሩበትን ቤት እንደ አውቶቡስ ፌርማታ ያዩታል፤ ፌርማታው ላይ አሥር ዓመት ሲቆሙ ማንም አይነግራቸውም።

ልጆችሽ ልጅነታቸውን የሚያስታውሱት በዚያች አንድ ክፍል ነው። ቦሌ አራብሳ ወይም ኮዬ ፈጬ ቢደርሳችሁ እንኳ እነሱ አድገው ይሆናል። ስለዚህ የሁለት ዓመቱ ውል እንደተፈረመ ክፍሏን ቤት አድርጊያት። ከግድግዳው ጋር የሚታጠፍ ጠረጴዛ አናጢ አሠሪ፤ ሲያጠኑ ይዘረጋል፣ ሲተኙ ይታጠፋል። የአልጋችሁንና የልጆቹን ፍራሽ የሚለይ ግርዶሽ ይኑር፤ ለባልና ለሚስትም ያስፈልጋል፤ ይህን በቅንነት እናገራለሁ።

ዓርብ ከሰዓት ትምህርት ቤት ቶሎ የምትወጪ ከሆነ በዚያው ባንኩ ጋር ሂጂ፤ ባለቤትሽም ደብተሩን ይዞ ይምጣ። አብራችሁ ስትሆኑ የምትሰሙት መልስ አንድ ይሆናል፤ ማታ ቤት ስትገቡ የምትከራከሩበት አይኖርም። ለአጎቱም ልጅ መልሱን ባለቤትሽ ራሱ ይንገረው፤ «አንፈልግም» የሚለው ቃል ከእሱ አፍ ይውጣ።

ቅዳሜ፣ ሰውየው መልስ በሚጠብቅበት ቀን፣ ፌስታሉን ከአልጋ ሥር አውጪው። ጨርቁን አጥበሽ ፀሐይ ላይ አስጪው፤ የብዙ ዓመት ሽታውን ይለቃል። ከዚያ በመስኮታችሁ ልክ ለኪው። ለባለ ሁለት መኝታ ቤት ሳሎን ብለሽ የገዛሽው ነውና መርዘሙ አይቀርም። ልብስ ሰፊው ቁረጪው ቢልሽ እንቢ በዪው፤ የተረፈውን ወደ ውስጥ አጥፎ ይስፋው።